ስለ ዋና ሸክላ ቆራጫችን ኅልፈትና ቀይ መብራቱ በርቶ ሳለ ስለተሰማው ድምፅ

ለድርጅቱ ሠራተኞች፣ ለደንበኞቻችን፣ ለሙዚቃ ባለሙያዎችና ለሸክላ ወዳጆች በሙሉ፤

የሸክላ ቀረጻና ኅትመት ድርጅታችን የረጅም ዘመን ዋና ቆራጭ የነበሩትና በባልደረቦቻቸው ዘንድ «ጋሽ ዝም በሉ» በሚል ቅጽል ስም የሚታወቁት አንጋፋ ባለሙያ፣ በሥራ ገበታቸው ላይ እንዳሉ በድንገት ታመው ወደ ሕክምና በመወሰድ ላይ ሳሉ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ድርጅታችን በኅልፈታቸው የተሰማውን መሪር ሐዘን ይገልጻል።

ይህ መግለጫ መውጣት ከነበረበት ጊዜ ዘግይቷል። ስለ መዘግየቱ የተለያየ ወሬ ሲናፈስ ሰምተናል። ወሬውን ማን እንደጀመረው እናውቃለን ባንልም ከየትኛው ፎቅ እንደወረደ ግምት አለን። ሌላ አሳታሚ ቤትም ሟቹን የራሱ ባልደረባ አስመስሎ ከእኛ ቀድሞ መግለጫ ማውጣቱን ተመልክተናል። ፎቶግራፋቸውን ከየት እንዳገኘው እያጣራን ነው። እውነተኛው መግለጫ ግን ይኸኛው ነው፤ የዘገየውም ድርጅታችን አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባ አንድ ጥያቄ ስለነበረበት ነው። ጥያቄውንና መልሱን ከታች እናቀርባለን።

ሸክላ መቁረጥ ምን እንደሆነ ለማያውቁ አንባቢያን ባጭሩ እናስረዳ። ሙዚቃ በስቱዲዮ ተቀድቶና ተቀናብሮ ካለቀ በኋላ እንዳለ ወደ ሸክላ አይገለበጥም። ቆራጩ መጀመሪያ ያዳምጠዋል፣ ያርመዋል፤ ከዚያ ለስላሳ ቅብ በተቀባ ሳህን ላይ በጋለ መርፌ ጠመዝማዛ ቦይ እየቆፈረ ያሰፍረዋል። ከዚያ ዋና ሳህን የብረት ቅርጽ ይወጣና ለገበያ የሚቀርቡት ሸክላዎች ይታተሙበታል። ወፍራሙ የባስ ድምፅ ወደ አንድ ወገን ካጋደለ የአድማጩ መርፌ ከቦዩ ዘሎ ይወጣል። «ስ» እና «ሽ» በቅጡ ካልተገሩ ዘፋኟ ዘይት ላይ የተጣለች ይመስል ትንጫጫለች። ድምፁ ይጉላ ከተባለ ቦዩ ይሰፋል፤ ቦዩ ከሰፋ ደግሞ ለዘፈኖቹ ቦታ አይበቃም። ይህን ሁሉ አስታርቆ የሚያሳልፈው ቆራጩ ነው። ሥራው ሲያምር ምስጋናው ለዘፋኙ፣ ሲበላሽ ወቀሳው ለቆራጩ ነው።

ጋሽ ዝም በሉ ወደ ድርጅታችን የመጡት በወጣትነታቸው በሬዲዮ ጠጋኝነት ተቀጥረው ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ በግራ እግራቸው ያነክሱ ስለነበር ደረጃ የሌለበት ክፍል ይሰጣቸው ተብሎ ከመቁረጫ ማሽኑ ጎን ተመደቡ። በዚያው ቀሩ። ቅጽል ስማቸውን ያወጣላቸው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ሆኖም በቀን ስንት ጊዜ «ዝም በሉ!» ይሉ እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው አውጪውን መፈለግ አያሻም።

ሟቹ ተጠራጣሪ ሰው ነበሩ። ይህን የምንለው ለነቀፋ አይደለም፤ ድርጅታችንም ጥርጣሬን ከእርሳቸው ሳይማር አልቀረም። መለኪያውን አያምኑም ነበር፤ መለኪያውን የሚፈትሸውንም መለኪያ አያምኑም ነበር። ዘፋኝ «ጥሩ ነው» ሲላቸው ምን ፈልጎ ነው ይላሉ፤ ዘፋኝ ዝም ሲላቸው ምን ደብቆ ነው ይላሉ። የሚያምኑት ጆሯቸውን ብቻ ነበር፤ እሱንም ቢሆን ጉንፋን ሲይዛቸው አያምኑትም።

በመጀመሪያዎቹ የአገልግሎት ዓመታት ማንኛውም የሙከራ ሸክላ ወደ ኅትመት ከመግባቱ በፊት በግቢው ዘበኛ ማጫወቻ ላይ እንዲሞከር አድርገዋል። ማጫወቻው አንድ እግሩ የተሰበረ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ አሮጌ ዕቃ ነው። «እዚህ ላይ ሳይዘል ካለቀ የትም አይዘልም» የሚል እምነት ነበራቸው። ውድ ዕቃ ባላቸው ሰዎች ቤት ብቻ የሚሰማ ሸክላ ሸክላ አይደለም ብለው ስንቱን ሳህን እንደገና እንደቆረጡ የኅትመት ክፍሉ ይመሰክራል።

ካሴት ገበያውን በያዘበት ዘመን ድርጅታችን የመቁረጫ ማሽኑን ለአሮጌ ብረት ገዢ ለመሸጥ ወስኖ ነበር። ገዢው ሊወስደው ሲመጣ አንድ ወሳኝ ጥርስ ከማሽኑ ላይ ጠፍቶ በመገኘቱ ጥሎት ሄደ። ጥርሱ ገዢው በሄደ ማግስት ተገኘ። ድርጅታችን በወቅቱ ጉዳዩን አልመረመረም፤ አሁንም አይመረምርም።

ሸክላ እንደገና ተፈላጊ በሆነበት ወቅት ጋሽ ዝም በሉ ብቸኛው ባለሙያ ሆነው ተገኙ። ሙዚቃ አዘጋጆች ከሌላው ሁሉ ጎልቶ የሚጮህ ሸክላ ያዝዙ ጀመር። ለሁሉም የሰጡት መልስ አንድ ነበር፤ «ድምፅ መጨመሪያው አድማጩ ቤት አለ።» በዚሁ ጊዜ ከጥራት ቁጥጥር ክፍል አንዲት ሠራተኛ መርጠው ሙያውን ማስተማር ጀመሩ። ድርጅታችን ለምን እርሷን እንደመረጡ ሲጠይቃቸው «ስትሰማ አታወራም» ብለው መልሰዋል። እኚህ ባልደረባ በኋላ ምክትል ቆራጭ ሆነዋል፤ ይህ መግለጫ ስለ እርሳቸውም ነው።

በቆረጣ ክፍሉ በር ላይ ስለነበረው ቀይ መብራት መናገር ግድ ይሆንብናል። የክፍሉ ወለል ሳንቃ ነው። መርፌው ሲቆርጥ ሳንቃው ላይ የሚረግጥ ሰው ካለ እርግጫው ወደ ማሽኑ ያልፍና በቦዩ ውስጥ ይቀረጻል። አንድ ጊዜ በአንድ ሸክላ ላይ ከባድ ድብደባ ተሰምቶ ከበሮ መቺውን ጠርተን አፋጠጥናቸው። እርሳቸውም በዚያ ዘፈን ላይ ከበሮ እንዳልመቱ ምለው ተገዝተው ሄዱ። ጥፋተኛው ከግድግዳው ማዶ ያለው የእንጨት ሥራ ቤት መዶሻ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ዋና ቆራጩ ወለሉ ሲሚንቶ እንዲሆን ጠየቁ፤ ጥያቄያቸው በመታየት ላይ እንዳለ ገለጽንላቸው፤ እስከ ኅልፈታቸውም በመታየት ላይ ነበር። በምትኩ በበሩ አናት ላይ ቀይ መብራት ተተከለ። ሥሩ የድርጅቱ ማኅተም ያረፈበት ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ መብራቱ ሲበራ ማንም ሰው፣ በማንኛውም ምክንያት፣ በሩን እንዳይከፍት የሚል ነው። ጋሽ ዝም በሉ ራሳቸው ክፍሉ ውስጥ ወፍራም ሱፍ የተሰፋበት ነጠላ ጫማ እያደረጉ፣ ማሽኑ ሲሠራ ከወንበራቸው አይነሡም ነበር። መብራቱን የሚያበሩትም የሚያጠፉትም እርሳቸው ብቻ ነበሩ።

በዕለቱ የአንዲት አንጋፋ ድምፃዊት አዲስ ሥራ ሁለተኛ ገጽ እየተቆረጠ ነበር። የመጨረሻው ዘፈን ድምፅና ጊታር ብቻ ያለበት እርጋታ የተሞላ ነው። ወደ ሳህኑ መሐል ቦዩ እየጠበበ ድምፁም እየደከመ ስለሚሄድ፣ ዋና ቆራጩ ዝግ ያለውን ዘፈን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ምክትል ቆራጯ ኮሪደሩ ላይ ቆመው የገጹን ማለቅ ይጠብቃሉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እርሳቸው እንደሚከተለው አስረድተዋል።

«ግው የሚል ነገር ሰማሁ። እጄን እጀታው ላይ አደረግሁ። ቀና ስል መብራቱ ቀይ ነው። ጋሼ ደግሞ መብራት በርቶ በር ቢከፈት ምን እንደሚሉ ታውቃላችሁ። ሳጥን ወድቆባቸው ይሆናል ብዬ እጄን መለስኩ። ቆምኩ። ከዚያ መብራቱ ሲጠፋ ገባሁ፤ ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ ቀና አላሉም።»

ድርጅታችን ይህን ቃል አላመነም። አለማመኑን እዚህ የሚጽፈው አንባቢ ከሌላ ሰው ከሚሰማው ከእኛው ቢሰማው ይሻላል በሚል ነው።

ያላመንንበት ምክንያት ነበረን። የወደቀ ሰው መብራት አያጠፋም። በዚያ አሮጌ ማሽን ላይ ዘፈኑ ሲያልቅ ሰው መያዣውን በእጁ አዙሮ መዝጊያውን ቦይ ካላስወጣና መርፌውን ካላነሳ ሳህኑ እስከ መሐሉ ይቦጫጨቃል፤ ይህ ሳህን ግን በሥርዓቱ ተዘግቶ ነበር። የከፋው ደግሞ የምልክቱ ነገር ነው። ቆራጮች ዘፈኑ ባለቀበትና ወረቀቱ በሚለጠፍበት መሐል ባለው ባዶ ቀለበት ላይ በጭረት ምልክታቸውን ያኖራሉ። የዋና ቆራጩ ምልክት ሦስት አጫጭር ጭረት፣ የምክትላቸው ደግሞ ትንሽ ክብ ነው። በዚህ ሳህን ላይ የተገኘው ክብ ነበር። ከክቡ አጠገብ ቀለበቱን አቋርጦ የሄደ አንድ ረጅም ጭረትም ነበር፤ የቸኮለ ሰው እጁ አምልጦት የጫረው ነው አልን።

ስለዚህ ነገሩ ቁልጭ ብሎ የታየን መሰለን። ምክትል ቆራጯ ድምፁን ሰምተው ገብተዋል፤ አለቃቸው ወለል ላይ ናቸው፤ እርሳቸው ግን ሳህኑ እንዳይበላሽ ዘፈኑን አስጨርሰው፣ ዘግተው፣ ምልክታቸውንም አኑረው ነው ሰው የጠሩት። የዋና ቆራጭነቱ ቦታ ክፍት መሆኑም አልተዘነጋንም። የአስተዳደር ኃላፊው፣ የሕግ ባለሙያውና የሽያጭ ኃላፊው ያሉበት ኮሚቴ ተቋቋመ። ሳህኑ በገንዘብ ያዥዋ ካዝና ውስጥ ተቆለፈ። ተጠርጣሪዋ እንዳያዩት፣ ወደ ቆረጣ ክፍሉም እንዳይገቡ ታገዱ።

ይህ ጥርጣሬ ከግቢያችን ወጥቶ ለቅሶ ቤት ገባ። ማን እንዳወጣው አልደረስንበትም፤ ኮሚቴው ሦስት ሰው ብቻ እንደነበር ግን እናውቃለን። ምክትል ቆራጯ ለመጽናናት ሄደው በር ላይ እንደደረሱ የሟቹ የመጀመሪያ ልጅ ወጥታ «አባቴ መሬት ላይ ወድቆ አንቺ ዘፈን ታስጨርሻለሽ?» አለቻቸው። ከደጃፉ ተመለሱ። በማግስቱ ሥራ ገብተው፣ የተከለከሉት በር ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ዋሉ፤ በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። ከእኛ ውስጥ አብሯቸው የተቀመጠ አልነበረም። ሰላምታ የሰጠ እንኳ መኖሩ ያጠራጥረናል።

ጉዳዩ የተንቀሳቀሰው በሟቹ ባለቤት ነው። ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጥተው የአስተዳደር ኃላፊውን «ባሌ የመጨረሻውን ሥራውን ሲሠራ ነው የሞተው፤ እኔ ልስማው» አሏቸው። ኃላፊው ሳህኑ ማስረጃ መሆኑን፣ ቅቡም ለስላሳ ስለሆነ በተሰማ ቁጥር ቦዩ እየተላገ እንደሚሄድ፣ በደንብ የሚሰማውም አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን ገለጹላቸው። የሟቹ ባለቤትም «እኔስ ከአንድ ጊዜ በላይ የምችለው ይመስልዎታል?» ብለው መለሱ። የሕግ ባለሙያውም ቢሆኑ፣ ክፍሉ ውስጥ የተራመደ ሁሉ ሳህኑ ላይ እንደሚገኝ ያሰቡት ይህን ሲሰሙ ነው። ይህን አስቀድመን አለማሰባችን ወለሉ ሳንቃ መሆኑን በማኅተም ላስታወቀ ድርጅት የሚያኮራ አይደለም።

ሳህኑ በማዳመጫ ክፍሉ ተሰማ። ኮሚቴው ተቀምጧል። ባለቤታቸው ከድምፅ ማጉያው ፊት ለፊት፣ ልጃቸው ከኋላቸው ቆማ፣ ምክትል ቆራጯ ደግሞ ከበሩ አጠገብ ከሁሉም ርቀው። መርፌው የተቀመጠው ከመጨረሻው በፊት ባለው ዘፈን ማብቂያ ላይ ነው።

ያ ዘፈን አለቀ። በሁለቱ ዘፈኖች መካከል ባለው ዝምታ ውስጥ ከሥር የመጣ አንድ ከባድ ድምፅ ተሰማ። የሰው ክብደት መሆኑን ማንም ለማንም አላስረዳም። ከዚያ ጊታሩ ጀመረ፣ ድምፃዊቷ ገባች። እኛ የጠበቅነው የምክትል ቆራጯን እርምጃ ነበር፤ ከበር ወደ ማሽኑ፣ ፈጠን ያለ የሴት እርምጃ። አልመጣም። ዘፈኑ ሄደ፤ ከሥሩ ምንም የለም። ሰውየው ወለሉ ላይ እንዳሉ ዘፈኑ እየተቆረጠ ነው። ተጣርተው እንደሆነ ሳህኑ አይናገርም፤ ማሽኑ የወለሉን እርግጫ እንጂ የክፍሉን ድምፅ አይቀዳም፤ በሩም በስፖንጅ የታፈነ ወፍራም በር ነው። የሽያጭ ኃላፊው አንገታቸውን ደፉ። ልጃቸው የእናቷን ትከሻ ያዘች።

ወደ ዘፈኑ ማብቂያ ግድም እርምጃው መጣ። አንዱ ጠንከር ያለ፣ ቀጥሎ የሚጎተት፤ ደግሞ ጠንከር ያለ፣ ደግሞ የሚጎተት። ቆም አለ። እንደገና ተጎተተ።

«እግሩ ነው» አሉ ባለቤታቸው። «ዕድሜዬን ሙሉ ኮሪደር ላይ ስሰማው የኖርኩት እግር ነው። ተነሥቷል። ይኸው ተነሥቶ ሄደ።»

የሕግ ባለሙያው ሥራቸው ነውና ሌላ ሰው እንዲህ ሊራመድ ይችል እንደሆነ ጠየቁ። ያን ቀን በር ላይ ምክትል ቆራጯን የመለሰችው ልጅ ናት የመለሰችላቸው፤ «እርስዎ የሰው እግር የሚያውቁት በማመልከቻ ነው? አባቴ ነው!» ብላ አለቀሰች። መርፌው እስከ መዝጊያው ቦይ ሄደ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከእርሳቸው እግር በቀር የማንም እግር አልተሰማም። በሩን የከፈተ፣ ሳንቃውን የረገጠ ሌላ ሰው አልነበረም።

ያኔ ምክትል ቆራጯ ሳህኑን ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲያዩት ተፈቀደላቸው። ወደ መብራቱ ወስደው ባዶውን ቀለበት አዘንብለው ተመለከቱ። ከዚያ «ተበላሽቷል ነው የሚለው» አሉ፤ «ድገሚው ነው ያሉኝ።»

በቆረጣ ክፍሉ ልማድ የተበላሸ ሳህን ቀለበቱን በሚያቋርጥ አንድ ረጅም ጭረት ይሰረዛል፤ ከጭረቱ አጠገብ ደግሞ እንደገና የሚቆርጠው ሰው ምልክት ይኖራል። ይህን ልማድ ከኮሚቴው አባላት አንዳቸውም አያውቁትም ነበር፤ የሚያውቁትን ሰው ደግሞ አግዳሚ ላይ አስቀምጠናል። በዚያም ጊዜ እንኳ ወዲያው አላመንናቸውም። ከዕቃ ግምጃ ቤት የተሰረዙ ሳህኖች አስመጥተን አስተያየን። ረጅሙ ጭረት ያው የዋና ቆራጩ ጭረት ነው፤ ከታች ወደ ላይ፣ አንድ ጊዜ፣ ሳይንቀጠቀጥ። ክቡ ግን ተንቀጥቅጧል፤ አፉም አልገጠመም። ምክትል ቆራጯ ባኖሯቸው ክቦች ላይ እንዲህ ያለ ክፍት አንድም አልተገኘም። ዋና ቆራጩ መውደቃቸው ሳህኑን እንዳበላሸው ከማንም በፊት ያወቁት እርሳቸው ናቸው። ተነሥተው ዘጉት፣ ሰረዙት፣ ለማን እንደሚተላለፍ ጻፉበት፣ መብራቱን አጠፉ፣ ተቀመጡ።

የሽያጭ ኃላፊው ከወደቁበት መነሣት ከቻሉ ለምን መጀመሪያ መብራቱን አጥፍተው ሰው አልጠሩም ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው የሁላችንም ነበር። የሟቹ ባለቤት «ግትር ነበራ» አሉ። አስከሬናቸውን ያዩት ሐኪምም ፈጥኖ ቢደረስላቸው ይተርፉ ነበር ወይም አይተርፉም ለማለት አልደፈሩም። ድርጅታችን ያልታወቀውን እንደታወቀ አድርጎ አይጽፍም።

ከክፍሉ ሲወጡ ባለቤታቸው በሩ አጠገብ ቆሙና ምክትል ቆራጯን እጃቸውን ያዟቸው። «ከፍተሽው ቢሆን ይጮህብሽ ነበር» አሏቸው። «ምነው በጮኸብሽ፣ ልጄ።»

«እኔም ቀን ከሌት እሱን ነው የምለው፣ እትዬ» አሉ ምክትል ቆራጯ።

ልጃቸውም ቀርባ ይቅርታ ጠይቃለች። ኮሚቴው ፈርሷል። እገዳው ተነሥቷል። ምክትል ቆራጯ ከዚህ መግለጫ ቀን ጀምሮ ዋና ቆራጭ ሆነው ተመድበዋል፤ ምደባውን የወሰነው ድርጅታችን እንዳልሆነ፣ እኛ የጨመርነው ማኅተሙን ብቻ እንደሆነ ለማንም አንደብቅም።

የድምፃዊቷ ሁለተኛ ገጽ እንደገና ተቆርጧል። አዲሷ ዋና ቆራጭ ሥራውን ከመጀመራቸው በፊት የሟቹን ባለቤት አስጠርተዋል። ባለቤታቸው በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ማሽኑ ሲሠራ ያን ክፍል ረግጠው አያውቁም ነበር። ጫማቸውን አውልቀው ከማሽኑ ጎን ተቀመጡ፤ ገጹ እስኪያልቅ ጣታቸውንም አላነቃነቁም። የሙከራው ሸክላ ዘበኛው ማጫወቻ ላይ ሳይዘል አልቋል።

የተሰረዘውን ሳህን በተመለከተ ለሕዝብ ማሳሰብ የምንወድደው ነገር አለ። የሟቹ የመጨረሻ እርምጃ ያለበት ልዩ ኅትመት ሊወጣ ነው የሚል ወሬ በሸክላ ሰብሳቢዎች መንደር እየተነዛ ነው። ሐሳቡ በድርጅታችን ውስጥ በአንድ ክፍል ተነሥቶ እንደነበር አንክድም፤ የትኛው ክፍል እንደሆነ ለማወቅ ብዙ መድከም አያስፈልግም። ሆኖም ሳህኑን አበላሽቻለሁ ብለው የሰረዙት ባለሙያው ራሳቸው ናቸው፤ እርሳቸው የሰረዙትን ድርጅታችን አያትምም። ሳህኑ ለቤተሰቡ ተሰጥቷል። ቅጂው እኔ ዘንድ አለ የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ አጭበርባሪ ነውና አትመኑት።

የወለሉ ጥያቄ ታይቶ አልቋል። ሲሚንቶው በዚህ ሳምንት ይፈስሳል። ጋሽ ዝም በሉ ቢኖሩ ኖሮ ስንጥቅ እንዳለበት ለማወቅ ጆሯቸውን ወለሉ ላይ ሳያስጠጉ እንደማያምኑን እናውቃለን፤ ባያምኑንም እንኳ ባገኘናቸው ደስ ባለን።

ድርጅታችን ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸውና ለዘመድ ወዳጆቻቸው ሁሉ ጽናትን ይመኛል። ከሥራ ባልደረቦቻቸው መካከል ደግሞ ከማናችንም አስቀድሞ፣ ያን ዕለት እጃቸውን እጀታው ላይ አድርገው ለመለሱት ለአዲሷ ዋና ቆራጫችን ጽናቱን ይስጥልን እንላለን። እርሳቸውን የመለሰው ማስታወቂያ የእኛ ነበር። ማስታወቂያው ዛሬ ጠዋት ከበሩ ላይ ተነሥቶ በሌላ ተተክቷል፤ ቃሉን የጻፉት የሟቹ ባለቤት ናቸው፣ ማኅተሙ የድርጅቱ ነው፦

መብራቱ ቀይ ሆኖ ሳለ ከውስጥ የሚወድቅ ነገር የሰማ ሰው በሩን ይክፈት። ሸክላው ይበላሽ።